የእንግዳ ኪራይ ገቢ በአሜሪካ ታክስ ላይ ሲያስቸግር

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ቤዝመንታቸውን በኤርቢኤንቢ (የእንግዳ ማረፊያ ማከራያ ድረ ገጽ) የሚያከራዩ ወገኖቻችን በታክስ ወቅት የሚያጋጥሟቸው ችግሮች ተመሳሳይ ናቸው።

ችግር፦ ኤርቢኤንቢ የኪራይ ገቢዎን ለእርስዎና ለታክስ መሥሪያ ቤቱ በሚያሳውቅበት ቅጽ 1099-ኬ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ባንክ ከገባው ይበልጣል።

ምክንያት፦ ቅጹ የሚያሳየው ምንም ያልተቀነሰበትን ጠቅላላ ሂሳብ ነው። ለምሳሌ 24,000 ዶላር ቢል፣ 720 ለአገልግሎት ክፍያ ተቆርጦ፣ 600 ደግሞ ለእንግዳ ተመልሶ ከሆነ፣ ባንክ የገባው 22,680 ነው።

መፍትሄ፦ በስኬጁል ኢ (የኪራይ ገቢ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ) መስመር 3 ላይ 24,000ውን ሙሉውን ይጻፉ። የአገልግሎት ክፍያውን በመስመር 8፣ ለእንግዳ የተመለሰውን በመስመር 19 ይቀንሱ። ብዙ ሰው «መጨረሻው አንድ አይደለም ወይ?» ብሎ 22,680ን ብቻ ይሞላል። ትርፉ በእርግጥ እኩል ይመጣል፤ የአይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) ኮምፒውተር የሚያመሳክረው ግን ጠቅላላውን ቁጥር ነው። ብዙ ጭንቀት የሚመጣው ከዚህች አንድ መስመር ስለሆነ አደራ እላለሁ።

ችግር፦ ከአይአርኤስ ሲፒ2000 የተባለ ደብዳቤ መጣ።

የቁጥሮቹ አለመመሳሰል የሚያመጣው ይህንን ነው። ኦዲት (የሂሳብ ምርመራ) ስላልሆነ አይደንግጡ፤ መሳቢያ ውስጥም አይክተቱት። የመልስ ጊዜው ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ነው። ካልተስማሙ፣ አለመስማማትዎን በመልስ መስጫው ላይ አመልክተው የዓመቱን የክፍያ ዝርዝር አያይዘው ይላኩ።

ችግር፦ ኤርቢኤንቢ ከኪራዩ 24 በመቶ ለታክስ ቆረጠ።

ምክንያት፦ የታክስ መለያ ቁጥር አልተሰጠም፣ ወይም ስምና ቁጥሩ አልገጠሙም። የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ ከሰነድ ሰነድ ስለሚለያይ እኛን በተለይ ሊያጋጥመን ይችላል።

መፍትሄ፦ ስምና የታክስ ቁጥር ለኤርቢኤንቢ የሚሰጥበትን ቅጽ ደብልዩ-9ን ልክ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎ ላይ እንዳለው ይሙሉ። የተቆረጠው ገንዘብ አልጠፋም፤ በዋናው የዓመት ታክስ ማስታወቂያ፣ በቅጽ 1040 መስመር 25ቢ ላይ አስቀድሞ እንደተከፈለ ታክስ ይመዘገብልዎታል።

ችግር፦ ያልጠበቁት 15.3 በመቶ የግል ሥራ ታክስ ተጨመረ።

ገቢው ስኬጁል ሲ (የግል ንግድ ገቢ የሚሞላበት ቅጽ) ላይ ተሞልቷል ማለት ነው። እንግዳው ሳይወጣ በየቀኑ የሚያጸዱለት፣ ቁርስም የሚያቀርቡለት ከሆነ ቦታው ትክክል ነው። መብራት፣ ውኃና ዋይፋይ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ስኬጁል ኢ ይመልሱት።

ችግር፦ ቅጽ 1099-ኬ ጭራሽ አልመጣም።

ቅጹ ባይመጣም ገቢውን ማስታወቅ ግዴታ ነው። ራስዎ የሚኖሩበትን ቤት በዓመት ከ15 ቀን በታች ካከራዩ ግን ኪራዩ አይመዘገብም፤ የኪራይ ወጪም አይቀነስም።