የልጆችን የጉልበት ጅማት ከጉዳት የሚጠብቅ የ15 ደቂቃ ልምምድ

የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው በግጭት ብቻ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ተጫዋቹን ማንም ሳይነካው ነው የሚጎዳው። እየሮጠ ድንገት አቅጣጫ ሲቀይር፣ ፍጥነቱን ገትቶ ሲቆም፣ ወይም ዘሎ በአንድ እግሩ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ ጉልበት መሃል ያለው፣ የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጅማት ይበጠሳል። በስፖርቱ ዓለም ኤሲኤል የሚሉት ይህንን ጅማት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው እግር መሬት ከነካ በኋላ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ልጁ አስቦ ጉልበቱን ለማስተካከል ጊዜ የለውም። ስለዚህ አእምሮና ጡንቻ ትክክለኛውን አስተራረፍ ቀድመው መልመድ አለባቸው። ይህ ደግሞ በልምምድ ይገኛል። ስዊድን ውስጥ ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ከ4,500 በላይ የእግር ኳስ ተጫዋች ልጃገረዶች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱ የታተመው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ስድስት ቀላል እንቅስቃሴዎችን እንዲሠሩ በተመደቡት ቡድኖች የኤሲኤል ጉዳት በ64 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጂም አያስፈልግም፣ መሣሪያም አያስፈልግም። የሰፈር ሜዳ ይበቃል።

በተለይ የሴት ቡድን አሰልጣኞች ይህን ችላ እንዳትሉ አደራ። በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ ሴቶች ለዚህ ጉዳት ያላቸው ተጋላጭነት ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ይበልጣል። በጉርምስና ቁመትና ክብደት በፍጥነት ሲጨምሩ አደጋው ከፍ ይላል።

መጀመሪያ ጉልበቱን እዩ

ልጅቷን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ አቁሟት። ወደ መሬት ትውረድና ወዲያው ወደ ላይ ትዝለል። ከፊት ለፊቷ ሆናችሁ በስልክ ቅረጹ፣ ከዚያ ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ስታርፍ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ይቀራረባሉ? አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይገባል? እግሯ ሳይታጠፍ ደርቆ ያርፋል? ይህ ምርመራ አይደለም፤ ማን እንደሚጎዳም አይነግራችሁም። ምን ማስተካከል እንዳለባችሁ ግን ያሳያችኋል። ቪዲዮውን ለራሷም አሳዩአት።

ከዚያ ማሟሟቅና ስድስቱ እንቅስቃሴዎች

አምስት ደቂቃ ቀስ ብለው ይሩጡ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን። ቀጥሎ በሁለት እግር ቁጢጥ እያሉ መነሳት ወይም ስኳት ይሥሩ። ጉልበትና የእግር ጣት በአንድ አቅጣጫ ይሁኑ፣ ተረከዝ ከመሬት አይነሳ። ይህ ሲቀላቸው ሁለተኛውን እንቅስቃሴ፣ ያንኑ በአንድ እግር፣ ይሞክሩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች የሚንገዳገዱት፤ ሲከብዳቸው ጥቂት ዝቅ ማለት ይበቃል።

በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳት ከጭን ጀርባ ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል። ይህ ጡንቻ የቅልጥም አጥንትን ወደ ኋላ ስለሚስብ የጅማቱን ሥራ ያግዛል። ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ከ15 እስከ 30 ሰከንድ፣ ከዚያም ረጅም እርምጃ ወደ ፊት ተራምዶ ጉልበት እያጠፉ መውረድና መመለስ ይከተላሉ። ፕላንክ ሲቀር እያንዳንዱን ከ8 እስከ 15 ጊዜ፣ እስከ ሦስት ዙር ይደጋግሙት።

የመጨረሻው ዝላይ ነው። ለእኔ የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜ ካጠራችሁም ይህን አትተዉት። በሁለት እግር ትንሽ ዘለው ይረፉና ሦስት ሰከንድ ሳይነቃነቁ ይቁሙ። በጣታቸው በኩል ይረፉ፣ ጉልበትና ዳሌ ይታጠፉ፣ ደረት ከጉልበት በላይ ይሁን። ልጆቹን በትምህርት አታጨናንቋቸው። «ድምፅ ሳታሰሙ እረፉ» ማለት ብቻ ብዙ ነገር ያስተካክላል። መሬቱ ጧ ካለ ጉልበታቸው አልታጠፈም ማለት ነው። ይህን ሲችሉ ወደ ጎን ይዝለሉ፣ ቀጥሎ በአንድ እግር፣ በመጨረሻም ኳስ እየተቀበሉ ወይም በጓደኛ በትከሻ ቀስ ተብለው እየተገፉ። ጨዋታ ላይ ዓይናቸው ኳሱ ላይ ስለሚሆን ልምምዱም ቀስ በቀስ ጨዋታውን መምሰል አለበት።

ጉልበት ወደ ውስጥ መግባት ከጀመረ አቁሙና ቀለል ወዳለው ተመለሱ። በተበላሸ አቋም ሃያ ጊዜ ከመሥራት አምስት ጊዜ አሳምሮ መሥራት ይሻላል።

መቼ ይሠራ?

ልምምድ ሲጀመር፣ ልጆቹ ሳይደክሙ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ዓመቱን ሙሉ። ብዙ ቡድኖች ለአንድ ወር ይሠሩና ውድድር ሲጀመር ይተዉታል። ያኔ ጥቅሙም አብሮ ይጠፋል።

ጉዳት ከደረሰ

ልጁ ጉልበቱ ውስጥ «ጧ» የሚል ነገር ከሰማ፣ ጉልበቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካበጠ ወይም ሲራመድ ከከዳው ያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙለት። ሐኪም ሳያየው ወጌሻ እንዲያሸው ወይም እንዲጎትተው አታድርጉ፤ አብሮ የተሰበረ አጥንት ወይም የተቀደደ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ሕመሙ በሳምንት ውስጥ ቢቀልም ጅማቱ ድኗል ማለት አይደለም።

ቀዶ ጥገና የተደረገለት ልጅ ከ9 ወር በፊት ወደ ውድድር አይግባ። 9 ወር ሞላው ተብሎም ብቻ አይለቀቅ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሁለቱን እግሮች ጥንካሬና የአንድ እግር ዝላይ አወዳድሮ ያረጋግጥለት። ከተመለሰ በኋላም ስድስቱን እንቅስቃሴዎች ከቡድኑ ጋር ይቀጥል፤ አንዴ የተጎዳ ልጅ ያው ጉልበቱም ሆነ ሌላኛው የመጎዳት ዕድላቸው ከሌሎች ልጆች ከፍ ያለ ነው።