ሠራተኛን ከወንበሩ ለማስነሳት ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት የሥራ ቦታ የአካል እንቅስቃሴን ዘመቻ ማድረግ ነው። ቲሸርት ይታተማል፣ ቅዳሜ ጠዋት ማስ ስፖርት ይጠራል። ዓመቱን ተቀምጦ የከረመ ሰው በአንድ ጠዋት ሲሮጥ ባቱና ጭኑ በማግስቱና በሠልስቱ ይታሰራል፤ ደረጃ መውረድ ያቅተውና ዳግመኛ አይመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። በቀን ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢሆን 150 ይሞላል። አንዱን ከሥራ ሰዓት ስጡ፤ ሁለቱ በእግር ሲመጣና ሲመለስ ይሟላሉ። የመካከለኛ እንቅስቃሴ ልኩ፣ ሰው እየተንቀሳቀሰ ማውራት እየቻለ መዝፈን ሲያቅተው ነው።

ሁለተኛው አየሩን አለማየት ነው። ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከሌላ ቆላ በቅርቡ የመጣ ሠራተኛ ቶሎ ትንፋሽ ቢያጥረው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ቀስ ይበል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ጠዋት ውርጭ አለ፤ በዚያ ብርድ ግቢ ውስጥ አሰልፎ ቀጥታ ጡንቻ ማሳሳብ ለጉዳት ይዳርጋል። ሰዓቱን ወደ 4:30 አምጡትና እንዲህ አድርጉት፦ ሦስት ደቂቃ እጅን እያወዛወዙ ፈጠን ያለ እርምጃ፤ ትከሻን ወደ ኋላ 10 ጊዜ ማዞር፤ ከወንበር ላይ እጅ ሳያስደግፉ 10 ቁጭ ብድግ፤ ግድግዳ ተደግፎ 10 ፑሽአፕ፤ ተረከዝን 15 ጊዜ ማንሳት። ማሳሳቡ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ እያንዳንዱን 20 ሰከንድ ሳያንገጫግጩ መያዝ። ሸዋ ሮቢት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ፀሐይ ሳትበረታ በጠዋት፣ በጥላ ሥርና ውኃ አዘጋጅቶ ነው።

ለሁሉም አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ መስጠትም አይሠራም። ስፌት ማሽን ላይ የምትውል ሴት የሚጎዳት አንገቷ፣ ትከሻዋና የእጅ አንጓዋ ነው፤ አገጭን ወደ ኋላ መሳብና አንጓን ማፍታታት ይጠቅማታል። ቀኑን ቆሞ የሚውለው ተረከዙን ካነሳሳ በኋላ እግሩን ከፍ አድርጎ ይቀመጥ። ጆንያ ሲሸከም የዋለ ወዛደር ቁጭ ብድግ አያስፈልገውም፤ ወገቡን ያሳርፍ።

ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው ግን በኮታ ነው። አሥር ደቂቃው ተፈቅዶ የቀኑ የምርት ኮታ ካልተቀነሰ ሠራተኛው ከማሽኑ አይነሳም፤ ቢነሳም ሻዩን ወይም ምሳውን ቆርጦ ይከፍለዋል። ካቦው ከቢሮው ቆሞ የሚያይ ከሆነም ያው ነው፤ እሱ ራሱ ከሰው ጋር ይሰለፍ። ማሽኑ በአንዴ መቆም ካልቻለ በየመስመሩ ተራ አውጡ።

ጾምን የዘነጋ መርሐ ግብርም አይዘልቅም። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል፣ በረመዳን ውኃ እንኳ የማይቀምስ ሠራተኛ አለ። በእነዚህ ቀናት ቁጭ ብድጉ ቀርቶ ለስለስ ያለ እርምጃ በጠዋት ይበቃል፤ ያልወጣ ሰው አይወቀስ።

ሚዛን አምጥቶ በሰው ፊት መመዘን፣ አሸናፊ እየለዩ መሸለም፣ ቀሚስ የለበሰችን ሴት መሬት ላይ ተኝታ እንድትሠራ ማድረግ ሰው ያሸሻል። እንቅስቃሴው ሁሉ በሥራ ልብስ፣ ቆሞ ወይም ወንበር ላይ የሚሠራ ይሁን።

እርጉዝ፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከረሜላ በኪሱ ይያዝ። ደረቱን የጨነቀው፣ ያዞረው ወይም ዓይኑን ያጨለመበት ወዲያው ይቀመጥ፤ ደረት ላይ የመጣ ሕመም ከሆነ «ያልፍለታል» ሳይባል ሐኪም ቤት ይወሰድ።