ስፒከራችሁ «እምምም» ካለ

ዘፈን ሳይከፈት ከስፒከሩ ወፍራም «እምምም» ይወጣል? ስፒከር ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉት። ጉምጉምታው አብሮ ከጠፋ ችግሩ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ነው።

አሁን ቮልዩሙን መልሱና ዘፈን የምታጫውቱበትን ላፕቶፕ ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ አጫውቱት። ጸጥ አለ? እንግዲያው ጣጣው የግራውንድ (ያመለጠ መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ነው። ላፕቶፑና አምፕሊፋየሩ የተለያየ ሶኬት ላይ ሲሰኩ ሁለት የግራውንድ መንገድ ይፈጠራል። በመካከላቸው የምትዞረው ትንሽ ከረንት በጃኩ ገመድ ታልፍና የመብራታችንን 50 ኸርዝ ድምፅ አድርጋ ታሰማችኋለች። ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። እኔ ቤት ወዲያው ጭጭ አለ።

አደራ፣ የግራውንዱን ሽቦ ቆርጣችሁ እንዳትሰኩ! ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ ግን መብራት ወደ ብረቱ አካል ቢያመልጥ የሚይዘው የነካውን ሰው ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ አስቡት።

ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው የድምፅ ገመድ ሁሉ ተነቅሎ፣ ቮልዩሙም ዜሮ ሆኖ ካላቆመ ብዙ ጊዜ የአምፕሊፋየሩ ፓወር ሰፕላይ (ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ማጣሪያ ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ደክሟል። አናቱ አብጦ ልታዩት ትችላላችሁ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ ለባለሙያ ስጡት።