የኪራይ ቤቱ ቦይለር ለምን ቶሎ ቶሎ ይቃጠል ነበር?

አዲስ አበባ ያለው የኪራይ ቤታችን ቦይለር ሬዚስታንሱ (ውኃውን የሚያሞቀው ብረት) በየጊዜው ይቃጠላል። ሁሉም «ዕቃው ፎርጂድ ነው» ይላል። ቧንቧ ሠራተኛው ሲፈታው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፤ ቀዝቃዛ ውኃ በሚገባበት በኩል ሴፍቲ ቫልቭ የለም! ይህች ትንሽ ዕቃ ትርፍ ግፊት ታስተነፍሳለች፤ ውኃ ሲጠፋም በቦይለሩ ያለው ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ትይዛለች። እሷ ከሌለችና ሙቅ ቧንቧው ከተከፈተ ውኃው ይወርዳል፣ ሬዚስታንሱ በባዶ ይግላል፣ አለቀ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ተከራይ በሰዓቱ ማብሪያውን ያጠፋል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው።

አዲሱን 50 ሊትር፣ 1500 ዋት ገዛሁ። ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለመሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። የማግኒዥየም ዘንግ አለው፤ ዝገቱ ከታንኩ በፊት እሱን ይበላል፣ ሲያልቅ ይቀየራል። መለዋወጫው መርካቶ የማይገኝ ቦይለር በነፃ ቢሰጡኝም አልፈልግም። ለብቻው ብሬከርና የመሬት ሽቦ አስገባሁለት፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ቀልድ የለም።

ሲሞቅ ከቫልቩ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ብልሽት አይደለም። ተከራዮቹ እንዳይደነግጡ በቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሹ አወረድኩት።