ወንዝ ዳር ስትኖሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ፣ ትልቁ አቃቂ ወንዝ አጠገብ መኖር ከጀመርን የሚመጣው ስድስተኛ ክረምታችን ነው። ከደጃፋችን እስከ ወንዙ አፋፍ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በጋ ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። ጥቁር ነው፤ አረፋ ይዞ ይንቀረፈፋል፤ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ይሸታል። ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣ "ወንዝ ወንዝ የምትሉት ይሄን ነው እንዴ?" ይለናል። አልፈርድበትም። እኔም ቤቱን የተከራየሁት በጥር ወር ስለነበር ያየሁት ያንኑ ነበር።

አሁን መሃል ከተማ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዳር የሚወጣው ሰው በዝቷል። ወንዝ ጥግ ያለ ቤት ደግሞ ሁልጊዜም ረከስ ይላል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ይዛ ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለውን ክፍል ልታይ መጣች። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው። ጥቂቱን ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ሰምቼ ነው የተማርኩት፤ ብዙውን ግን ተሳስቼ።

ቤቱን በበጋ አይቶ መወሰን

ደላላ ወንዝ ዳር ያለ ቤት የሚያሳየው በበጋ ነው። ግቢው ደርቋል፤ ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፤ አየሩም ደስ ይላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ወደ ወንዙ ውረዱና ቀና ብላችሁ ዛፎቹን እዩ። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታልና ጨርቅ ታያላችሁ። ማንም ሰው ወጥቶ አልሰቀለውም። ያለፈው ክረምት ሙላት እዚያ ድረስ ደርሶ ሲጎድል ትቶት የሄደው ነው። አሁን ዞር በሉና የፌስታሉን ከፍታ ከቤቱ መስኮት ጋር አስተያዩት። እኩል ከሆነ ያ ቤት በነፃም ቢሰጣችሁ ይቅርባችሁ።

ወንዙ የሚታጠፍበትንም እዩ። ውሃ ሲታጠፍ ጉልበቱ የሚያርፈው በውጭኛው በኩል ነው። እዚያ ያለው አፋፍ በየዓመቱ ይበላል፤ በውስጠኛው በኩል ደግሞ ደለል ይከማቻል። የእኛ ቤት በውስጠኛው በኩል ነው፤ ይህንን ግን ያወቅሁት ከገባን በኋላ ነው። ማዶ ያለው ጎረቤታችን በ3 ክረምት ውስጥ አጥሩን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ አስገብቷል። ስለ ሙላት ደላላውን አትጠይቁ። ጠላ የሚሸጡትን እናት ጠይቁ፤ ጥበቃውን ጠይቁ፤ ልጆቹን ጠይቁ። ልጅ "እዚህ ጋ ነው የደረሰው" ብሎ በእጁ ግድግዳው ላይ ያሳያችኋል።

የራስን ሰማይ ብቻ ማየት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ክረምታችን ነው፤ ሐምሌ አጋማሽ። እኛ ጋ ቀኑን ሙሉ ጠብ አላለም። ማታ ኮከብ ይታይ ነበር፤ ልብስ ከገመድ ሳናወርድ ተኛን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የሰፈሩ ውሾች በአንድ ላይ ጮኹ። ቀጥሎ የተጫነ አይሱዙ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ግን አያልፍም፣ እዚያው ያጓራል። ምንድነው ብዬ እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውሃ ውስጥ አረፈ። ልጄን አቅፌ፣ ባለቤቴ ጋቢ ብቻ ደርባ፣ ባዶ እግራችንን ወደ አስፋልቱ ወጣን። ሰማዩ አሁንም ጥርት ያለ ነበር።

ዝናቡ የዘነበው እንጦጦ ላይ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ያለነው ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነን። መሃል ላይ ያለው ከተማው ነው፤ አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ቆርቆሮ። ውሃው የሚሰርግበት አፈር ስለማያገኝ ተንደርድሮ ይወርዳል። የግንፍሌው፣ የባንቲኬቱ፣ የቀበናው ወንዝ ውሃ ሁሉ ተጠራቅሞ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባና በእኛ ደጅ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይሄዳል። ስለዚህ የሚያሰጋችሁ የእናንተን ጣሪያ የሚደበድበው ዝናብ ብቻ አይደለም። እንጦጦ ሥር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለ ሰው ጥላ ከዘረጋ እናንተም መንቃት አለባችሁ።

ድሬዳዋን አስታውሱ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። ደቻቱ በበጋ ሰው የሚመላለስበት ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፉን ያመጣው ከላይ ከደጋው የወረደው ዝናብ ነበር፤ ብዙዎቹም በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ ነው የደረሰባቸው።

አሁን ክረምት ላይ ማታ ማታ ወደ ሰሜን አያለሁ። እንጦጦ ከጠቆረ ወይም መብረቅ ከታየኝ ፈረንሳይ ለምትኖረው እህቴ እደውላለሁ። "እየወረደ ነው" ካለችኝ ጫማችንን ሳናወልቅ እንጠብቃለን። ወንዙ ራሱም ይናገራል። ጥቁሩ ውሃ ድንገት ቡናማ ከሆነ፣ ሃይላንድና ጭራሮ ተሰብስቦ መውረድ ከጀመረ፣ ከሥር ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ደራሽ ጎርፍ እየመጣ ነው። ጎረቤታችን እማማ "ውሃው መልኩን ሲለውጥ አንተም ቦታህን ለውጥ" ይሉኛል። እስከ ዛሬ ልክ ናቸው። እሳቸው እንደመከሩኝ አፋፉ ላይ እንጨት ተክዬ በቀይ ቀለም 3 ምልክት አድርጌበታለሁ። ውሃው አንደኛው ላይ ሲደርስ ዕቃ እናነሳለን። ሁለተኛው ላይ ልጆች ይወጣሉ። ሦስተኛውን ማንም ቤት ሆኖ አይጠብቀውም።

አንዳንድ አገር ሰው ወንዝ ላይ ጀልባ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይኖራል። እነሱ ገመዳቸውን ላላ አድርገው ካሰሩ ውሃው ሲሞላ ጀልባው አብሮ ይነሳል። የእኛ ቤት አይነሳም። መነሳት ያለብን እኛው ነን።

ቡሄ አለፈ ብሎ መዘናጋት

"ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" እየተባልን ነው ያደግነው። ለወንዝ ዳር ሰው ግን ይሄ አይሠራም። ነሐሴ 13 ሲደርስ መሬቱ ሁለት ወር ሙሉ ጠጥቶ ጠግቧል። ሰኔ ላይ አፈሩ የሚያስቀረው ዝናብ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አብዛኛው ወደ ወንዝ ነው የሚገባው። ስለዚህ ያነሳችሁትን ዕቃ ለእንቁጣጣሽ ብላችሁ አታውርዱ። እኛ መስቀል እስኪያልፍ እንጠብቃለን።

ሙላትን በእግር መሻገር

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በፍጥነት የሚሄድ ጎርፍ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ትንሽ መኪና ይገፋል። 60 ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። እኛ ሰፈር ሰው የሚሳሳተው ጠዋት ነው፤ ሥራ እንዳይረፍድበት ብሎ ሁልጊዜ ድንጋይ እየረገጠ በሚሻገርበት ቦታ ይገባል። ትናንት የነበረው ድንጋይ ግን ዛሬ ቦታው ላይ የለም፤ ውሃው ስለደፈረሰ ደግሞ ጉድጓዱ አይታይም። በድልድዩ መዞር 40 ደቂቃ ይፈጃል። ዙሩ። ልጅ ደግሞ በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ይቅር።

ዲቫይደር ወለል ላይ ማስቀመጥ

በዚያች ሌሊት ፍሪጁ የተሰካው ወለል ላይ በተቀመጠ ዲቫይደር ነበር። እኔም ልጄን አቅፌ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ። የተረፍነው መብራት ቀድሞ ጠፍቶ ስለነበር ብቻ ነው። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

በሳምንቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ ሶኬቶቹን በሙሉ ከወለል ከ1 ሜትር በላይ አስነሳኋቸው። ውድ አልነበረም። ብሬከሩ ደግሞ ደረቅ ቦታ ላይ ይሁን። ወንዙ መልኩን ሲለውጥ ውሃው ሳይገባ አጥፉት። ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ግን እንዳትነኩት። ጎርፉ ከሄደ በኋላም ባለሙያ ሳያየው መልሳችሁ አታብሩ።

እህልም እንደዚሁ ነው። 50 ኪሎ ጤፍ መሬት ላይ ነበር የተቀመጠው። ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ረጠበ። ባለቤቴ የላዩን ለማትረፍ ሰሌን ላይ አሰጣችው፤ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አገላበጠችው። ሽታው አልለቀቀም። ያ ውሃ የመጸዳጃ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ነው፤ የነካውን ምግብ ማዳን አይቻልም። ደፋነው። አሁን ቆጥ ሠርተን እህሉን ክዳን ባለው በርሜል አድርገን እዚያ ላይ ነው የምናስቀምጠው። የቤት ውል፣ የልጅ ልደት ካርድ፣ መታወቂያ ደግሞ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ በር ጀርባ በተሰቀለ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሲወጡ አንጠልጥሎ መሮጥ ነው።

ብርድ ነው ብሎ ከሰል ቤት ማስገባት

ወንዝ ዳር ያለ ቤት ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ ብርድ ልብሱ ራሱ እርጥብ ይሆናል። ሰው ታዲያ ምድጃውን አቀጣጥሎ ያስገባና በሩን ይዘጋል። "ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ብቻ ነው" ይላችኋል። ገዳዩ እኮ እሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ፍሙ ቀልቶ ጭስ ሲያልቅም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ነው። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን አያውቀውም። እማማ አንድ ማታ ቡና አፍልተው ምድጃውን እንደያዙ ጋደም ብለው ነበር። የልጅ ልጃቸው በር ባታንኳኳ ኖሮ አይነሱም ነበር። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፤ ውጭ ይቅር። ለብርዱ ካልሲና ጋቢ ይሻላል። ቤቱን ለማድረቅ ደግሞ ፀሐይ በወጣች ቁጥር በርና መስኮት ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ።

ከሙላት በኋላ ቧንቧን ማመን

ወንዙን ራሱን ለልብስም ለሰሃንም አትጠቀሙበት፤ የፋብሪካ ዝቃጭና የከተማው ፍሳሽ አለበት። በእሱ የበቀለ ጎመንም ቢሆን ቅጠሉ ውስጥ የገባው መርዛማ ብረት በማጠብ አይወጣም። ይሄን አብዛኛው ሰው ያውቃል።

የማይታወቀው የቧንቧው ጉዳይ ነው። ፈረቃ ሆኖ ውሃ ሲቋረጥ መስመሩ ውስጥ ግፊት አይኖርም። መሬቱ ደግሞ በጎርፍ ተሞልቷል። ቱቦው የተሰነጠቀ ከሆነ ያ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ውሃ ተመልሶ ሲመጣ የመጀመሪያውን ልቀቁት እንጂ ወደ ሮቶ አታስገቡት። የሚጠጣውን አፍሉ። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ገደማ ላይ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። እኛ ቤት ሁለት ልጆች በአሜባ ከተመላለሱ በኋላ ነው ይሄን በሥነ ሥርዓት የያዝነው።

አፋፉን በፍርስራሽ መሙላት

የተወሰደ መሬቴን ላስመልስ ብሎ የሕንፃ ፍርስራሽ በሲኖትራክ አስጭኖ የሚደፋ አለ። ልፋቱ ይገባኛል። ግን ልቅ ፍርስራሽ የመጀመሪያው ሙላት ይወስደዋል፤ ካልወሰደውም ውሃውን ገፍቶ ማዶ ያለው ሰው ቤት ላይ ያዞረዋል። አፋፉን የሚይዘው ሥር ነው። ቬቲቨር ሳርና ቀርከሃ ሰኔ ላይ ከተተከሉ በሁለት ክረምት ይይዛሉ። አቅም ካለና የሰፈሩ ሰው ካዋጣ ደግሞ ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን።

የአቃቂ አፈር ደግሞ መረሬ ነው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ቤቱም አብሮ ይሰነጠቃል። መረሬው ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ ሳይሞላበት ምንም ነገር አታቁሙ፣ የሮቶ ማቆሚያ እንኳ ቢሆን። 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ከ1 ቶን በላይ ይመዝናል። እኛ ግቢ የነበረው ነሐሴ ላይ አንድ እግሩ ሰርጎ ተጋደመ፤ ደግነቱ ከሥሩ ሰው አልነበረም።

ያቺ እናት ክፍሉን ይዛዋለች። ሌላ ቦታ የተጠየቀችውን አልቻለችም። የፊታችን ቅዳሜ ሶኬቶቹን እናስነሳላታለን፤ ባለቤቴም ለእህል ማስቀመጫ የሚሆን ሳንቃ አግኝታለች። ቀዩን ምልክት ወርዳ አይታዋለች። የእኔንና የእማማን ስልክ፣ የእሳትና አደጋውን 939 ጭምር፣ ትልቁ ልጇ በሩ ላይ በኖራ ጽፎታል።