የእሳት ዲቴክተር፦ የትኛውን የት እንስቀል?

ለገጣፎ ቤታችን የገባን ሰሞን፣ እሳት የሚነሳው ኩሽና ነው ብዬ የጭስ ዲቴክተር ገዝቼ ከምጣዱ በላይ ሰቀልኩት። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ሲጮህ ባትሪውን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሶስተኛው ወር ሳሎን ሶፋ ስር ያለ ኤክስቴንሽን ውስጥ ውስጡን ሲጨስ አምሽቶ የቀሰቀሰን የልጄ ሳል ነው። እባካችሁ ባትሪ እንዳታወጡ፣ የሚያስቸግር ከሆነ ቦታውን ቀይሩለት።

መጀመሪያ አይነቱን ለዩ። ፎቶኤሌክትሪክ የሚባለው ውስጡ ትንሽ መብራትና ከመብራቱ መስመር ገለል ያለ ሴንሰር አለው፣ ጭስ ሲገባ ብርሃኑ ይበተንና ሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ ይጮሃል፣ ፍራሽና ሶፋ ሳይነድ ቀስ እያለ ሲጨስ ቶሎ የሚያውቀው እሱ ነው። አዮናይዜሽን ደግሞ አሜሪሲየም 241 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ነገር በጣም ትንሽ ይዞ በአየሩ ውስጥ ከረንት ያሳልፋል፣ ጭስ ከረንቱን ሲቀንሰው ይጮሃል። እንደ ወረቀት ቦግ ለሚል እሳት ፈጣን ነው፣ ግን ሽንኩርት ሲቁላላም ይጮሃል። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ፎቶኤሌክትሪኩን ግዙ።

ለኩሽና የሙቀት ዲቴክተር ነው የሚሆነው። ሁለት አይነት አለ፣ አንዱ ሙቀቱ 57 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ሌላው ሙቀቱ በደቂቃ 8 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር ይጮሃል። አክንባሎ ሲነሳ ሙቀቱ ድንገት ስለሚወጣ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ጭስ ስለማያይ ግን መኝታ ቤት አትስቀሉት።

አሁን ዋናው፣ ቦታው። የጭሱን መኝታ ቤት ውስጥ፣ ከመኝታ ቤት ውጪ ኮሪደሩ ላይና ሳሎን ስቀሉ፣ ከምድጃ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፣ ቡናና እጣን ከሚጨስበትም ራቅ ይበል። ኮርኒሱ መሃል ጥሩ ነው። ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበት ጥግ ላይ አየር ስለማይዘዋወር ጭሱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ ከጥጉ 10 ሴንቲ ራቁ። ግድግዳ ላይ ከሆነ ከኮርኒሱ ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ዝቅ ብሎ። ሰርቪስ ቤት ኮርኒስ የሌለው ከሆነ ቆርቆሮው ላይ አትለጥፉት፣ ቀን ፀሐይ ሲመታው ስሩ የሚጠራቀመው ሙቅ አየር ቀስ እያለ የሚወጣውን ጭስ ከታች ያስቀረዋል፣ ዝቅ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ እሰሩት። በትራፓኖ ቀዳችሁ በፊሸር አጥብቁ፣ ፕላስተር አይዘልቅም።

ግንባታ ባላለቀበት ሰፈር አቧራው ውስጡ ገብቶ በሐሰት ያስጮኸዋል፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት።

ከሰል ለብቻው ነው። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከላይ ያልኳቸው አንዳቸውም አያውቁትም። የራሱ ዲቴክተር አለው፣ መኝታ አጠገብ አድርጉት፣ ከሰል ምድጃ ግን ዲቴክተር ቢኖርም መኝታ ቤት ይዛችሁ እንዳትተኙ።

በየወሩ ቴስት የሚለውን ተጫኑ፣ የጭሱን ዲቴክተር 10 ዓመት ሲሞላው መላውን ቀይሩ። አንድ ቀን ማታ በሩ ሁሉ ተዘግቶ አንድ ሰው ሳሎኑን ያስጩኸው፣ እናንተ አልጋ ላይ ሆናችሁ ካልሰማችሁት መኝታ ቤት ሌላ ጨምሩ። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939ንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።