«ከወደቀማ ማን ይተርፋል?» እና ሌሎች አውሮፕላን ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት አክስቴን ለሕክምና ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ይዣቸው ሄድኩ። ሰባውን አልፈዋል፤ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። አስተናጋጇ ቆማ ስለ ቀበቶውና ስለ መውጫው ስታሳይ እኔ ስልኬን እነካካለሁ። እሳቸው ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው፣ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ተከታተሏት። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ልጅቷ ይህን ሁሉ የምታወራው ለማን ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ። እውነትም የሚሰማት የለም።

«ከወደቀ በኋላማ ማን ይተርፋል?» አልኳቸው።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹ ከእሱ ይወለዳሉ። «ቀኑ ከደረሰ ደረሰ» ያለ ሰው ቀበቶ ምን ያደርግለታል? መውጫው በየት ነው ብሎስ ለምን ይጠይቃል?

መልሱ ግን እዚሁ ባሕር ዳር አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወደ አስመራ ሊበር ከባሕር ዳር ተንደረደረ። ከመሬት ሊላቀቅ ሲል የርግብ መንጋ ገጠመው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ቢጠፋ በቀሪው መውጣት እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ርግቦቹ ግን በሁለቱም ገቡ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሲሞክሩ ሁለቱም ሞተሮች ቀጥ አሉ። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ ሜዳ ላይ ወረደ፤ እሳትም ተነሣ። 104 ሰው ተሳፍሮ ነበር። 35ቱ ሞቱ። 69ኙ ተረፉ።

ጎጃም ውስጥ ስለዚያ አደጋ ሲወራ የሞቱት ይነሣሉ፤ ይገባል። ስለተረፉት ግን ማንም አይናገርም። ከሦስት ሰው ሁለቱ ተርፏል እኮ! ዕድሉም የእግዜር ቸርነትም አለበት፣ አልክድም። ግን እሳት ከተነሣ በኋላ ጊዜው በደቂቃ ሳይሆን በሰከንድ ነው የሚቆጠረው። አዲስ የመንገደኞች አውሮፕላን ፈቃድ ሲሰጠው የሞላው ሰው በግማሾቹ መውጫዎች ብቻ በ90 ሰከንድ መውጣት መቻሉ መታየት አለበት። 90 ሰከንድ! እኛ ሰፈር አንድ ሚኒባስ ለመጫን እንኳ አይበቃም።

ስለዚህ ስትቀመጡ ከፊትም ከኋላም እስከ መውጫው ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሩ። ጭስ ሲሞላ ዐይን አያይም። ወንበር በእጅ እየዳሰሰ የሚቆጥር ግን ይወጣል።

ቀበቶውን እንደ መኪና መፍታት

አክስቴ ማሰሩን ወዲያው ለመዱት። ሲፈቱ ግን በአውራ ጣታቸው መሐሉን ይጫኑታል። ይጫኑታል፣ አይከፈትም። መኪና ላይ የለመደ እጅ የሚጫን ቁልፍ ነው የሚፈልገው፤ የአውሮፕላኑ ደግሞ ክዳኑን ወደ ላይ ማንሣት ነው። በሰላሙ ጊዜ ያስቃል። የደነገጠ ሰው እጅ ግን የሚሄደው ወደለመደው ነው፤ መጫኑን ይቀጥላል። አስተናጋጇ በየበረራው ይቺን ዘለበት ቀጭ ቀጭ የምታደርገው ወድዳ አይደለም። ተቀምጣችሁ ሁለት ሦስቴ ክፈቱና ዝጉት። ጎረቤታችሁ ቢስቅ ይሳቅ።

«ቀበቶ እሰሩ» የሚለው መብራት ጠፋ ብሎ ቀበቶ መፍታትም አለ። ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ የሲንጋፖር አየር መንገድ አውሮፕላን በበረራ ላይ እንዳለ ድንገት ክፉኛ ተናጠ። አንድ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ጣሪያ እየመታቸው ተጎዱ። ቁጭ ካላችሁ እሰሩት፣ በቃ።

«ሻንጣዬን ትቼ?»

ከጎጃም የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ቅቤው አለ፣ በርበሬው አለ፣ ማሩ አለ። እሳት ተነሥቶ «ውጡ!» ሲባል ይህን ከላይ ማውረድ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ሻንጣ የሚያወርድ ሰው መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ከኋላው ያሉት ጭሱን ይጠጣሉ። ሻንጣው በሩ ላይ ተነፍቶ የሚዘረጋውን የመውረጃ ሸራ ቢቀድደው ደግሞ ያ መውጫ ቀረ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ መንደርደሪያው ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። ከላይ ያለውን ሻንጣ እዚያው ጥለው ወረዱ። 379ኙም ወጡ። አውሮፕላኑ ግን ዐመድ ሆነ።

የሕይወት አድን ጃኬትን ውስጥ ሆኖ መንፋት

«ጣና ላይ ልንወድቅ ነው እንዴ?» የሚል ቀልደኛ በየበረራው አይጠፋም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ ሲያሳርፈው 175 ሰዎች ነበሩበት፤ 125ቱ አለቁ። ብዙዎቹ ጃኬቱን ገና ውስጥ እያሉ ነፍተውት ነበር። አትንፉ ተብለው ነበር። የተነፋ ጃኬት ውኃ ሲገባ ወደ ጣሪያው ያነሣችኋል፤ ጠልቆ በበሩ መውጣት አይቻልም። ለብሳችሁ ጠብቁ፣ በሩ ላይ ስትደርሱ ገመዱን ሳቡ። ቀልደኛውም ይሄን ይስማ።

ፓወር ባንክን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መላክ ደግሞ የዘመኑ ስህተት ነው። ባትሪው ቢጋይ ጓዝ ማከማቻ ውስጥ ማንም አያየውም። በእጅ ያዙት።

«ጥፋቱ የአብራሪው ነው»

አደጋ በተሰማ በሰዓቱ ቡና ላይ ፍርድ ይሰጣል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ 157 ሰው ሲያልቅ ጣቱን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰረ ውጭም አገር ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን አንድ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ልኳል፤ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የአውሮፕላኑ፣ የቦይንግ 737 ማክሱ፣ ሶፍትዌር አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቷል። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው የጨረሰውም ያው አሠራር ነበር። አውሮፕላን የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት አይደለም። መለኪያው፣ ሶፍትዌሩ፣ ሥልጠናው፣ የአየሩ ጠባይ ተያይዘው ነው። አብራሪውን ብቻ የወቀሰ ሰው ቀሪውን ሳያየው ያልፋል።

አውሮፕላን ሳንሳፈር የምንሠራው

ይሄኛው የኛው የባሕር ዳሮች ነው። ወፍ አውሮፕላንን የሚያገኘው በአብዛኛው ዝቅ ብሎ ሲነሣና ሲያርፍ ነው። ወፍን የሚጠራው ደግሞ ምግብ ነው። የዓሣ አንጀት፣ የእርድ ትራፊ፣ ሜዳ ላይ የተደፋ ቆሻሻ አሞራ ይሰበስባል። የተሰጣ እህል ርግብ ይጠራል። ርግብ ማንንም የማትጎዳ ምስኪን ናት፤ የ1981ዱም ርግብ ነበር። «አንዲት ጆንያ ቆሻሻ ምን ታመጣለች?» እያለ በሌሊት አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ የሚደፋው ሰው ነገ ልጁን ከዚያው ይሸኛል።

ከሳምንት በኋላ ከአክስቴ ጋር ተመለስን። ጎማው ባሕር ዳርን ሲነካ ተሳፋሪው አጨበጨበ። አውሮፕላኑ ገና እየተንከባለለ ግማሹ ሰው ቆሞ ሻንጣ ማውረድ ጀመረ። እኔም ተነሣሁ። አክስቴ የጃኬቴን ጫፍ ያዙና ጎተቱኝ።

«ቁጭ በል። ልጅቷ መቼ ተነሡ አለች?»